ይድረስ ለክቡር ማይቶኮንድሪያ፤ ባሉበት ሕዋስ

ጉዳዩ፦ አንድ ሴሚስተር እንዲታገሡኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች የታሪክ ተማሪ ስሆን፣ ያለ አንድ የሳይንስ ኮርስ መመረቅ አይቻልም ስለተባልሁ የባዮሎጂና የአካባቢ ሳይንስ መግቢያ ወስጄ፣ በፈቃዴ ሳይሆን በደንብ አስገዳጅነት ከእርስዎ ጋር ተዋውቄአለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየምዕራፉ እየተከተሉ መግቢያ መውጫ ስላሳጡኝ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

«ማይቶኮንድሪያ የሕዋስ የኃይል ማመንጫ ነው» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝም ሳልሳሳት እደግማታለሁ። ፈተናው የጠየቀው ግን ከአንድ ግሉኮስ ስንት ኤቲፒ (ሕዋስ ለሥራው የሚጠቀምበት ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) እንደሚመነጭ ነበር። አሮጌው መጽሐፍ 36 ወይም 38 ይላል፤ አዲሱ ወደ 30 ወይም 32 ያወርደዋል። እኛ ንጉሡ የሞተበትን ዓመት በስድስት ብንስት ዜሮ እናገኛለን፤ የእርስዎ ስድስት ግን «እንደ አቆጣጠሩ ነው» ተብሎ በክብር ይታለፋል።

ቤተ ሙከራውንም አልረሳሁትም። የጉንጬን ውስጥ በስቴኪኒ ፍቄ፣ መስታወቱ ላይ ቀብቼ፣ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አድርጌበት ግማሽ ሰዓት በአንድ ዓይኔ ሳጮልቅ፣ ዙሪያው ጥቁር ቀለበት የሆነ አንድ የሚያምር ክብ ነገር አገኘሁ። በጥንቃቄ ሥዬ፣ ቀስት ሰድጄ ስም ከሰጠሁት በኋላ ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አየና የአየር አረፋ መሆኑን አረዳኝ፤ ኒውክለስ ያልሁትም አቧራ ነበር። እርስዎማ ጭራሽ አልነበሩም፤ የውስጥ እጥፋትዎን ለማየት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል አሉ። ያም ሆኖ በማግስቱ እጥፋቱን ከነስሙ እንድንሥል ታዘዝን።

እውነቱን ለመናገር፣ እንቅልፍ ያልወሰደኝ አንድ ምዕራፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 ባዮሎጂስቷ ሊን ማርጉሊስ ባሳተሙት ጽሑፍ እንደተከራከሩት፣ እርስዎ በጥንት ዘመን ራሱን የቻለ ባክቴሪያ ነበሩ፤ ሌላ ሕዋስ ዋጠዎት፣ ሳይፈጭዎት ቀረ፣ እርስዎም በዚያው ኖሩ። እስከ ዛሬ የራስዎን ዲኤንኤ ይዘው፣ በድርብ ሽፋን ተከልለው፣ በራስዎ ጊዜ እየተከፈሉ ይኖራሉ። የእኛ ሙያ ይህን በእንግድነት ገብቶ ባለርስት መሆን ይለዋል፤ ስንት መንግሥት በዚህ መንገድ ተመሥርቷል! ሆኖም ፈተናው ላይ ስለዚህ ነገር ማንም አልጠየቀኝም።

ወደ አካባቢ ሳይንስ ስንሻገር ተገላገልሁ ብዬ ነበር። የምግብ ሰንሰለት መጣ፦ በሣሩ ውስጥ 10,000 ኪሎ ካሎሪ ቢኖር ወደ ፌንጣው 1,000፣ ወደ እንቁራሪቷ 100፣ ወደ እባቡ 10 ግድም ብቻ ይደርሳል። የቀረው የት ገባ? ከፊሉ ሳይበላ ወይም ሳይፈጭ ይቀራል፤ ብዙውን ግን በየአካሉ ውስጥ ተቀምጠው እያነደዱ ሙቀት አድርገው የሚበትኑት እርስዎ ነዎት። ገጹን ገልጬ የካርቦን ዑደት ላይ ስደርስም፣ ከእንስሳው ወደ ከባቢ አየር የሚወጣው ቀስት መነሻው እርስዎው ሆነው ተገኙ።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው። የበሰለ የሰው ቀይ የደም ሕዋስ አንድም ማይቶኮንድሪያ ሳይኖረው ወደ 120 ቀን እየሠራ ይኖራል። የእኔ ሴሚስተር ከዚያ አይረዝምም።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች የታሪክ ተማሪ

ግልባጭ፦
በዕፅዋት ሕዋስ ውስጥ ከብርሃን ምግብ ለሚሠሩት ለክሎሮፕላስት፤ ፈተናዎ ማክሰኞ መሆኑን እንዲያውቁት