ማስተካከያ፦ ከልብ የሚመጣ የደረት ሕመም መከላከያ ክኒን ስለመቀየር

ሰሞኑን አዳማ ውስጥ በቴሌግራም የተዘዋወረ ጽሑፍ «አይሶሶርባይድ ሞኖናይትሬት ፋርማሲ ካጣችሁ፣ ዳይናይትሬቱን በዚያው ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ ውሰዱ» ይላል። መጠኑም ሰዓቱም ስህተት ነው። ትክክለኛው መረጃ በመድኃኒቶቹ የአጠቃቀም መመሪያ ወረቀት ላይ አለ።

ሁለቱ ናይትሬት ከሚባሉት የመድኃኒት ዓይነቶች የሚመደቡ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ከተዋጠው ዳይናይትሬት አብዛኛው ገና ጉበት ላይ ይለወጣል፤ ሳይለወጥ ደም ውስጥ የሚገባው በአማካይ ሩብ ያህሉ ነው። ሞኖናይትሬት ከሞላ ጎደል ሙሉው ይገባል። ስለዚህ 20 ሚሊግራምን በ20 ሚሊግራም መተካት አያስኬድም፤ መጠኑን ሐኪም ይወስን።

የባሰው የሰዓቱ ነገር ነው። ሰውነት ናይትሬትን ቶሎ ይለምዳል። ሌት ተቀን ከተወሰደ ክኒኑ እየተዋጠም የደረት ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ለዚህም ነው ከ24 ሰዓቱ ውስጥ ከ10 እስከ 14 ሰዓት ያህል፣ ብዙ ጊዜ ሌሊቱን፣ ያለ መድኃኒት የሚታለፈው። ተራው ሞኖናይትሬት ለምሳሌ ጠዋት 2 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ይወሰዳል። ቀስ እያለ የሚለቀቀው ግን ጠዋት አንዴ ብቻ ነው፤ አይደቅም፣ አይታኘክም።

በጽሑፉ መሠረት የቀየራችሁ ካላችሁ፣ በራሳችሁ አታቁሙት። ድንገት ማቆም ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል። የድሮውንም የአዲሱንም ማሸጊያ ይዛችሁ ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ። ደረት ላይ ጠንካራ ሕመም ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጽሑፉ ቪያግራ ከእነዚህ ክኒኖች ጋር አይወሰድ ማለቱ ግን ትክክል ነው። ከየትኛውም ናይትሬት ጋር ከተወሰደ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል። ማፈር ቀርቶ ለሐኪሙ መንገር ይሻላል።