ስማችሁን አታከራዩ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አይልም። መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ ትሰድቡኛላችሁ።

ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ናውሩ የምትባል ደሴት አለች። ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ 12 ሺህ ገደማ ነው። ፎስፌት እየቆፈረች በመሸጥ በ1970ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሕዝቧ ከዓለም ባለጸጎች ተርታ ተሰልፎ ነበር። ማዕድኑ ሲመናመን የምትሸጠው አጣች፤ የቀራት ስሟ ነበርና እሱኑ ገበያ አወጣችው። ከፍሎ ለጠየቀ ሁሉ የባንክ ፈቃድ ሰጠች። 400 ገደማ ባንኮች በአንድ የፖስታ ሳጥን ተመዘገቡ። ገንዘብ ቆጣሪ የላቸው፣ መስኮት የላቸው፣ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ እንኳ የላቸው። የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ ምክትል ሊቀመንበር በ1998 ብቻ 70 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከአገራቸው በናውሩ ባንኮች በኩል መውጣቱን ተናግረው ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብ ደሴቷን አልረገጣትም፤ ስሟን ተውሶ አለፈ። ለእሷ የደረሳት የፈቃድ ክፍያ ነው፤ ፍርፋሪ።

ከዚያ በ2000 ዓለም አቀፉ የፀረ ገንዘብ ማጠብ (የወንጀልን ገንዘብ ንጹሕ የማስመሰል) ግብረ ኃይል ጥቁር መዝገብ ላይ አሰፈራት፤ እስክትወጣ 2005 ደረሰ። የመንግሥቷ ባንክም ከነሰው ቁጠባ ወደቀ (ይሄኛው እንኳ የራሱ የዝርክርክነት ጣጣ ነው)። 400 ባንክ የነበራት አገር እስከ 2015 ድረስ ነዋሪው ደመወዙን የሚያስቀምጥበት አንድ ባንክ አልነበራትም።

ስትስቁ ይሰማኛል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ! የእኛዋ ኢትዮጵያስ ከ2017 እስከ 2019 በዚያው ግብረ ኃይል የክትትል ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም?

አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ሲፈልግ፣ «ብር ይገባልሃል፣ አውጥተህ ትሰጠኛለህ፣ ከመቶ ሁለት ያንተ» ተባለና አካውንቱን ሰጠ። ሦስት ወር ሙሉ ማኪያቶ የሚጋብዘን እሱ ነበር። በአራተኛው ወር ሒሳቡ ታገደ። መርማሪው «ብሩ የማን ነው?» ሲለው የሚያውቀው የሰውየውን ቅጽል ስም ብቻ ነበር። ስልኩ ዝግ ነው። እናቱ ዋስ ፍለጋ በየዘመዱ ደጅ ዞሩ።

ይህ ልጅ ከናውሩ በምን ይለያል? ንግድ ፈቃድ በስማችሁ አውጥታችሁ ለማታውቁት ነጋዴ ያከራያችሁስ? ላልተሸጠ ዕቃ ደረሰኝ የምትቆርጡትስ? «እኔ ብሩን አልነካሁም» አትበሉ፤ ናውሩም አልነካችውም። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለውንም ለመርማሪው ንገሩትና መልሱን ስሙ። ውጭ አገር ያላችሁም፣ ለእናታችሁ የምትልኩት ዶላር እዚያው ሲቀር፣ እዚህ ብሩ ከማን አካውንት እንደሚገባላቸው አንድ ቀን እንኳ ጠይቃችኋል?

ዘመድ ነው፣ ያገር ልጅ ነው ብላችሁ ኤቲኤም ካርዳችሁን ከነሚስጥር ቁጥሩ የሰጣችሁ ካላችሁ፣ ነገ ጠዋት ባንኩ ሳይከፈት በሩ ላይ ተገኙ።