ታሪፉ ለድሃ የታሰበ ነው፣ ቆጣሪው ግን የአከራይ ነው

የመብራት ታሪፍ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ «ኪሎዋት ሰዓቱ ስንት ገባ?» ላይ ይቀራል። በሀና ማርያም፣ በፉሪ፣ በካራ ቆሬ፣ በቡራዩ ሰርቪስ ቤትና ጨረቃ ቤት ለሚኖረው ሰው ግን ከዋጋው የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ቆጣሪው የማን ነው?

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው የሚሠራው። በ2011 ዓ.ም. ወጥቶ በየዓመቱ ሲጨምር የቆየውን ታሪፍ በመጨረሻው ዋጋው እንየው፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ፣ እስከ 100 ድረስ 77 ሳንቲም ገደማ፣ እስከ 200 ድረስ 1 ብር ከ62፣ እስከ 300 ድረስ 2 ብር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ዋጋው እንደገና ተከልሷል፣ በእርከን መሆኑ ግን አልቀረም። ትንሽ የሚፈጅ በርካሽ ይጠቀም ነው ነገሩ።

አምስት ክፍል ያለው ግቢ በአንድ ቆጣሪ ሲያድርስ? እያንዳንዱ ቤት በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ ለየብቻው 12 ብር ገደማ ይደርሰው ነበር። አንድ ላይ 225 ይሆንና አራተኛው እርከን ውስጥ ይገባል። እርከን በእርከን ቢሰላ እንኳ ሂሳቡ ወደ 264 ብር፣ የአንዱ ቤት ድርሻ ወደ 53 ብር ይወጣል። ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው፣ አከራዩ አንድ ሳንቲም ሳይጨምርበት። ብዙ ጊዜ ደግሞ ይጨምርበታል። ድጎማው የሚወርደው ቆጣሪ ላይ እንጂ ቤተሰብ ላይ አይደለም።

50 ኪሎዋት ሰዓቱ ራሱ ምጣድን ያሰበ አይመስልም። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በሳምንት ሁለቴ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ በወር 45 ገደማ ይበላል። አምፖሉና ቴሌቪዥኑ ሲጨመሩ ያ ቤት ከመጀመሪያው እርከን ወጣ። ስለዚህ አከራይ ሲያከራይ «ምጣድ አይቻልም» ይላል፤ ተከራዩም ወይ እንጀራ ይገዛል፣ ወይ እንጨት ያነዳል። በመዝገብ ግን ይህ ቤት መብራት ያለው ቤት ነው።

ምጣድ የተፈቀደበት ግቢም ከሌላ ጣጣ አያመልጥም። ከዋናው ቆጣሪ 60 ሜትር ርቆ ላለ ክፍል 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ሲሳብ፣ የመሄጃውና የመመለሻው ሽቦ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ 1.45 ኦም ገደማ ይሆናል። ምጣዱ ሲከፈት 220 ቮልት የነበረው ወደ 200 ይወርዳል፤ 3,500 ዋት መሳብ የነበረበት ምጣድ 2,900 አካባቢ ይቀራል። ምጣዱ ቶሎ አይሰማም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጋጋሪዋም ሰዓቱን ታስረዝማለች። በመሃል 300 ዋት ያህል ሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ያን ዋናው ቆጣሪ ይቆጥረዋል፣ አከራዩ ለክፍሉ ለብቻው ያስገጠመው ንዑስ ቆጣሪ ግን አያየውም። በየወሩ «ድምሩ አልገጥም አለ» የሚባለው ጠብ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ወፈር ያለ፣ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቢሳብ ከ220ው የሚቀንሰው 6 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ሽቦው ውድ ነው፣ እውነት ነው። ግን ከሽቦው ይልቅ የሚያስፈራው መገጣጠሚያው ነው። አሉሚኒየምና መዳብ ተጠምዝዘው በፕላስተር ሲታሰሩ ዝገት ያበጃሉ፣ ይላላሉ፣ ይግላሉ። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ ደግሞ 20 አምፒር የነበረው ወጥቶ 40 ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ቀድሞ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ግቢ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የካርድ ቆጣሪ ይሰጠው፤ ቆጣሪዎቹም ምሰሶው ላይ ወይም አጥሩ ላይ በአንድ ሳጥን ይደርደሩ። ቆጣሪ እስኪዳረስ ድረስ እርከኑ በግቢው ባሉት ቤተሰቦች ቁጥር ይባዛ፤ አምስት ቤት ላለበት ግቢ የመጀመሪያው እርከን 250 ይሁን። አከራይ የሌለ ተከራይ ቆጥሮ ያጭበረብራል የሚል ካለ፣ በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውል እንዲመዘገብ ያስገድዳል። መዝገቡ አለ፣ ከቆጣሪው ቁጥር ጋር ማገናኘት ነው የቀረው።

ካርታ የሌለው ጨረቃ ቤትስ? ቆጣሪ መስጠት ይዞታ ያጸድቃል የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም። ግን ዛሬም መብራቱ እዚያ ቤት ገብቷል፣ በጎረቤት ሽቦና በጎረቤት ዋጋ። በአገልግሎት ውሉ ላይ «ይህ ውል ለይዞታ ማስረጃነት አያገለግልም» የሚል አንድ መስመር ይጻፍና ቆጣሪው ይግባ።