የፕሌይስቴሽን 5 ዋጋ መቼ ነው የሚወርደው?

የጨዋታ መሣሪያ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ዋጋው እንደሚወርድ ያስለመደን ራሱ ሶኒ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አሜሪካ ውስጥ በ299 ዶላር ወጥቶ በ2009 ወደ 99 ዶላር ወርዶ ነበር፤ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሊሸጥ የቻለው፣ በመጀመሪያው ዓመት መግዛት ያልቻለው ሰው ቆይቶም ቢሆን ተራው ስለደረሰው ጭምር ነው። ፕሌይስቴሽን 4ም በ2013 በ399 ዶላር ጀምሮ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቀጭኑ ሞዴል በ299 ዶላር ቀርቧል። እኔም ይህንኑ ልማድ አምኜ የፕሌይስቴሽን 5ን መርከስ ስጠባበቅ፣ በ2020 በ499 ዶላር የወጣው ዕቃ በነሐሴ 2025 ጭራሽ 549 ዶላር ገባ። አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀሩት ዕቃ ከአዲስነቱ ዋጋ በላይ ሲሸጥ ማየት እጅግ ያበሳጫል።

ለእኛ ደግሞ የዶላሩ ዋጋ የሒሳቡ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በሻንጣ ይዞ የሚመጣው ሰው ትርፉን፣ ባለሱቁም የራሱን ይጨምርበታል፤ ደሞዝተኛ ለዚህ ብሎ የሚያጠራቅመው ገንዘብ ዋጋው ላይ ሳይደርስ ዋጋው ቀድሞት ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ከፍሎ የሚገኘው አዲስ ነገር ብዙ ቢሆን ኖሮ ምሬቴ በቀነሰ ነበር። በየሰፈሩ ያሉትን የፕሌይስቴሽን ቤቶች ተመልከቱ፤ ደንበኛ የሚመጣው በአብዛኛው ለኳስ ነው፣ የኳሱ ጨዋታ ደግሞ በ2025 የወጣው ኤፍሲ 26 ሳይቀር ለፕሌይስቴሽን 4 ተሠርቷል። በጨዋታ ሒሳብ የሚያስከፍል ባለቤት፣ ያው ልጅ ያንኑ ገንዘብ ለሚከፍልበት ውድድር አዲስ መሣሪያ የሚገዛው ምን አተርፍ ብሎ ነው? ሶኒ ራሱ እንደ ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ እና ግራን ቱሪዝሞ 7 ያሉ ትልልቅ ሥራዎቹን በ2022 ለሁለቱም መሣሪያዎች አውጥቷል። በ2024 ኩባንያው ባቀረበው መረጃ መሠረት፣ አዲሱ ከወጣ ሦስት ዓመት ተኩል ካለፈ በኋላም ከተጫዋቾቹ ግማሽ ያህሉ ገና ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ነበሩ፤ እኔ በእነዚህ ሰዎች አልፈርድም።

በእርግጥ ምክንያት አለው። ቀድሞ ቺፑ በየጥቂት ዓመቱ እያነሰ በተሠራ ቁጥር የማምረቻ ወጪውም ይቀንስ ነበር፤ አሁን ግን ማሳነሱ ራሱ ውድ ስለሆነ የድሮው የዋጋ ቅነሳ መንገድ ጠብቧል። ይህንን እቀበላለሁ። የማልቀበለው፣ ዋጋው አልወርድ ባለበት ጊዜ የሲዲ ማስገቢያው መነሣቱን ነው፤ በ2024 በ699 ዶላር የወጣው ፕሮ የሚባለው ሞዴል ማስገቢያ የለውም፣ የፈለገ ለብቻው ይገዛል። እዚህ አገር ሲዲ ንብረት ነው፦ ተጫውተን ስንጠግብ እንሸጠዋለን፣ ከጓደኛ ጋር እንለዋወጠዋለን፣ ሁለተኛ እጅ እንገዛለን። የፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት መደብር ደግሞ ኢትዮጵያን ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አላስገባትም፤ ስለዚህ ሲዲ የሌለው መሣሪያ የገዛ ሰው በሌላ አገር ስም አካውንት ከፍቶ፣ የስጦታ ካርድ ውጭ ባለ ዘመድ አስገዝቶ፣ አንዳንዴ ከ100 ጊጋባይት የሚበልጥ ጨዋታ በዚህ ኢንተርኔት ማውረድ ግዴታው ነው። ማስገቢያ የሌለው ሞዴል ለእኛ የባሰ ወጪ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ኩባንያው ይህን መንገድ የማያውቀው ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ፕሌይስቴሽን 3ን በ2006 እስከ 599 ዶላር አውጥቶ ገዢው ሲሸሸው፣ ዋጋውን ደጋግሞ ቀንሶና ቀጭን ሞዴል ሠርቶ ነው ገበያውን ያስመለሰው፤ ያም ሆኖ መሣሪያው ከ90 ሚሊዮን ሳይደርስ ከታላቁ በሰፊው አንሶ ቀረ። ከዚያ በኋላ ፕሌይስቴሽን 4ን በመጠነኛ ዋጋ ጀምሮ ከ117 ሚሊዮን በላይ ሸጧል። ፕሌይስቴሽን 5 ይህንን ቁጥር እንዲያልፍ ከተፈለገ፣ ሲዲ የሚቀበል፣ ከ400 ዶላር በታች የሆነ ሞዴል ይውጣልን፤ መደብሩም ለኢትዮጵያውያን በራሳችን አገር ስም ይከፈትልን።