ብርድ ልብስ ሲታደል የተጻፈ ስም

በ1830ዎቹ በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ቅኝ ገዥዎች በዓመት አንዴ ለአቦሪጂናል ሰዎች፣ ማለትም ለአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ብርድ ልብስ ያድሉ ነበር (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የሚያድለው ሹም ዝርዝር ይይዛል። የእንግሊዝኛ ስም፣ የአገሬው ስም፣ የተገመተ ዕድሜ፣ ስንት ሚስት፣ ስንት ልጅ፣ የየትኛው ጎሳ፣ የት አካባቢ የሚውል። ለሹሙ ይህ የዕቃ ቆጠራ ነው። ዛሬ ዘሩን ለሚፈልግ ቤተሰብ ግን የቅድመ አያት እውነተኛ ስም የተረፈው አንዳንዴ እዚያ ዝርዝር ላይ ብቻ ነው።

እኛ ዘር የሚቆጠረው በአፍ እንደሆነ እናውቃለን። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። አቦሪጂናል ሕዝቦችም ወረቀት አላስፈለጋቸውም። ማን የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደማይጋባ አጥብቀው ያውቁ ነበር። ቆጠራው የተቋረጠው ስለረሱት አይደለም። ልጆቹ ከሚቆጥሩላቸው ሰዎች እጅ ስለተወሰዱ ነው።

የወሰደውም ሕግ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ የ1905ቱ ሕግ ዋና «ጠባቂ» የሚባለውን ሹም ከ16 ዓመት በታች ላሉ አቦሪጂናልና ክልስ ልጆች ሁሉ ሕጋዊ አሳዳጊ አደረገው። እናት በሕይወት እያለች ማለት ነው። በቪክቶሪያ ደግሞ የ1886ቱ ሕግ ከ34 ዓመት በታች የሆኑ ክልሶች ከሚሲዮን ሰፈሮች እንዲወጡ አደረገ። አያት ሰፈሩ ውስጥ ትቀራለች፣ የልጅ ልጅ ይባረራል። በ1940ዎቹ ኒው ሳውዝ ዌልስ አቦሪጂናሎችን ከሚቆጣጠረው ሕግ ነጻ የሚያደርግ የምስክር ወረቀት መስጠት ጀመረች። ሰዎቹ ራሳቸው «የውሻ ፈቃድ» ይሉት ነበር። ያንን ወረቀት ይዞ ማንነቱን የደበቀ አያት የልጅ ልጆቹ ዛሬ ሲፈልጉት ዱካው ይጠፋባቸዋል።

አንዳንዱ ቤተሰብ ግን ብዙ ወረቀት ያገኛል። ማሪያ ሎክ ዳሩግ ከሚባለው የሲድኒ አካባቢ አቦሪጂናል ሕዝብ ናት፣ አባቷ ያራሙንዲ ይባላል። አገረ ገዥ ማኳሪ ፓራማታ ላይ ለአገሬው ልጆች የከፈተው ትምህርት ቤት ገባች። በ1824 ሮበርት ሎክ የተባለ ከእንግሊዝ በግዞት የመጣ አናጢ አገባች። በ1831 ለአገረ ገዥ ዳርሊንግ አቤቱታ አቀረበች፤ የሞተው ወንድሟ የኮልቢ መሬት ለእኔ ይገባል አለች። ዓመታት ፈጀባት እንጂ በ1843 አገኘችው። ትምህርት ቤቱ፣ ጋብቻው፣ አቤቱታው፣ መሬቱ፣ ሁሉም ወረቀት አለው። ስለዚህ ብዙ የዳሩግ ቤተሰቦች ወደ ኋላ ሲቆጥሩ እሷ ጋ ይደርሳሉ።

ማሪያ የተገኘችው ግን ቅኝ ገዥው መዝገብ በሚይዝባቸው በሮች ስላለፈች ነው። ብዙዎቹ እኩዮቿ በዚያ አላለፉም። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ አንዷ «ሜሪ፣ የአገሬው ሴት» ብቻ ተብላ ትቀራለች። የአባት ስም ቦታው ባዶ ነው። ወይም የሚሠሩበት የከብት እርባታ ባለቤት ስም ይለጠፍባቸዋል፣ ሥራ ሲቀይሩ ስማቸውም ይቀየራል።

አለመጻፍ ብቻ ሳይሆን በውሸት መጻፍም ነበር። በ1876 ትሩጋኒኒ የተባለች የታዝማኒያ አቦሪጂናል ሴት ስትሞት የታዝማኒያ አቦሪጂናል ሕዝብ አበቃ ተብሎ ተነገረ። ሌላዋ የታዝማኒያ አቦሪጂናል ፋኒ ኮክሬን ስሚዝ ግን ያኔ ልጆቿን እያሳደገች ነበር። በ1834 ፍሊንደርስ ደሴት ላይ ተወልዳ አሥራ አንድ ልጆች ወልዳለች። በ1899 እና በ1903 የአገሯን ዘፈኖች በዘመኑ ድምፅ መቅጃ በሰም ሲሊንደር ላይ ዘፍና አስቀርታለች፤ ድምጿ ዛሬም ይሰማል። ዘሮቿ አሁንም ታዝማኒያ ውስጥ አሉ። «አልቀዋል» የሚለው ቃል ግን ልጅ የልጅ ልጆቿን ለመቶ ዓመት ያህል ተከትሏቸዋል።

እኔን የሚቆረቁረኝ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ አንድ ሰው አቦሪጂናል መሆኑ እንዲረጋገጥለት ሲጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይታያል። የዘር ሐረጉ፣ ራሱን አቦሪጂናል ብሎ መቁጠሩ፣ ማህበረሰቡ የእኛ ነው ማለቱ። ሁለቱ ከሰው ይገኛሉ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ወረቀት ይፈልጋል። ወረቀቱን ደግሞ የያዘው፣ ያበላሸው፣ ወይም ጭራሽ ሳይጽፍ የቀረው ያው መንግሥት ነው። ልጅ ወስደህ፣ ስም ቀይረህ፣ ከዚያ «ማስረጃህ የታለ?» ማለት አይሆንም። በየሱቁ የሚሸጠው የዲኤንኤ ምርመራም አያድንም፤ ለማነጻጸር የሚበቃ የአቦሪጂናል ናሙና የለውም።

በሐሰት አቦሪጂናል ነኝ የሚል ሰው የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ ጉዳቱም ለማህበረሰቡ እውነተኛ ነው። ግን ያንን የሚለየው ማህበረሰቡ ራሱ ነው። አክስቶችና አጎቶች «እናትህ ማን ናት? አገርህ የት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ከመዝገብ ቤት ጸሐፊም የበለጠ ያውቃሉ። ስለዚህ ወረቀት ሲጎድል ጉድለቱ ማረጋገጫ በጠየቀው ሰው ላይ መቆጠር የለበትም። የሽማግሌዎች ቃል ከክርስትና መዝገብ እኩል መመዘን አለበት።

መዝገቦቹም ለቤተሰቦቹ በነጻ ይከፈቱ። ሊንክ አፕ የተባለው ድርጅት ከ1980 ጀምሮ የተነጣጠሉ ቤተሰቦችን ሲያገናኝ እንደቆየው ሁሉ፣ ፋይሉ ሲገለጥ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። አያትህ «ሰነፍ»፣ «ሩብ ክልስ» ተብላ ተጽፋ ስታነብ ብቻህን መሆን ከባድ ነው። ዘመዶቿም በዚያው ፋይል ላይ የራሳቸውን ቃል የመጨመር መብት ይኑራቸው። ማን እንደነበረች፣ ማን ብለው ይጠሯት እንደነበር፣ ልጇ የተወሰደባት ቀን ምን እንዳደረገች እነሱ ይጻፉት።