እርማት፦ የስህተት ገደብን ማስፋት ስህተትን ማረም አይደለም

የቃሊቲውን መጋዘን የዕለት ደረሰኞች ሌሊት ወደ ዳታቤዝ የሚጭነው ሥራ እንዳይቋረጥ «የስህተት ገደቡን (ሥራው ከመቆሙ በፊት የሚታገሰውን የተበላሹ መዝገቦች ብዛት) ከፍ ማድረግ ይበቃል» በማለት የሚሰጠው ምክር በብዙዎቻችን ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ገደቡ የሚፈቅደው የተበላሸው መዝገብ ሳይገባ ሥራው «ተጠናቀቀ» እንዲል ብቻ ነው። ለምሳሌ ቀኑ 2016-13-05 ተብሎ የተጻፈ የጳጉሜን ደረሰኝ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር በሚከተል የቀን ዓምድ ተቀባይነት የለውም፤ ስለዚህ ገደቡ 1,000 ከሆነ የጳጉሜን ሽያጭ በሙሉ ማንም ሳያውቅ ሊቀር ይችላል (ሂሳብ ክፍል የሚነቃው ምናልባት መስከረም ላይ ነው)።

ነባሪው ቅንብርም (ማንም ካልቀየረው የሚሠራው ገደብ) በሁሉም ሶፍትዌር አንድ አይደለም። የኦራክል ዳታቤዝ መረጃ መጫኛ የሆነው ኤስኪውኤል ሎደር እስከ 50 ስህተት ሲታገስ፣ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ የመጫኛ ትእዛዝ የሆነው ኮፒ በመጀመሪያው ስህተት ይቆማል፤ የተበላሸውን መዝገብ የመዝለል አማራጭ ያገኘውም እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 17ኛው ስሪት ነው።

በከተማዋ ዳርቻ እንደለመድነው መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግን መዝገቡ ጤነኛ ስለሆነ ቆይቶ እንደገና መሞከር እንጂ መዝለል አይገባም። በእኔ እምነት ነባሪው ገደብ ዜሮ መሆን አለበት፤ ከዚያ በላይ የሚፈቀደው የተጣሉት መዝገቦች ከነምክንያታቸው በተለየ ፋይል ሲቀመጡና ጠዋት የሚያያቸው ሰው ሲመደብ ነው።