ሪስታርት የማያጸዳው ሜሞሪ

የዌብ ሰርቨር ሜሞሪ ከቀን ወደ ቀን ሲጨምር ቶሎ የሚሰጠው ምክር «በየሌሊቱ ሪስታርት ይደረግ» የሚል ነው። ሜሞሪው የት እንደተያዘ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ምክር በመሆኑ እቃወመዋለሁ፤ አፓቼ በሚባለው የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌር ላይማ ችግሩን ሊያባብሰው ይችላል።

አፓቼ ግሬስፉል በሚባለው፣ የተጀመረ ሥራ በማያቋርጠው መንገድ ሪስታርት ሲደረግ ወላጁ ፕሮሰስ፣ ማለትም ጥያቄ የሚያስተናግዱትን ልጅ ፕሮሰሶች የሚፈጥረው ዋናው፣ አይሞትም። የቀድሞው ኮንፊገሬሽን (የሰርቨሩ ቅንብር) የነበረበት የሜሞሪ ፑል (አብሮ የሚለቀቅ የሜሞሪ ክምችት) ባንድ ጊዜ ይጸዳል፣ ሞጁሎቹ (በሰርቨሩ ላይ የሚጨመሩ የፕሮግራም ክፍሎች) ወርደው እንደገና ይጫናሉ፣ ልጆቹም በእጃቸው ያለውን ሥራ ጨርሰው በአዲሶች ይተካሉ። ፕሮግራመሩ የወሰደውን ሜሞሪ አንድ በአንድ ለመመለስ ሳይገደድ፣ ዕድሜው ከኮንፊገሬሽኑ ጋር የታሰረ ሁሉ አብሮት ስለሚሄድ አሠራሩ እጅግ የሚደነቅ ነው።

ጣጣው የሚመጣው የሞጁሉ ጸሐፊ ከሪስታርት የሚሻገር መረጃ ሲኖረው ነው። ሞጁሉ ሲወርድ ስታቲክ ቫሪያብሎቹ (መረጃ የሚይዝባቸው የራሱ ቋሚ ቦታዎች) ስለሚጠፉ፣ መረጃውን ወላጁ እስካለ ድረስ በማይጸዳው ፑል ውስጥ ያኖረዋል። አንድ ጊዜ ተፈጥሮ ከዚያ በኋላ በስሙ የሚፈለግ ከሆነ ይህ ተገቢ ነው፤ አፓቼ 2.4 ለዚሁ የተዘጋጀ ፋንክሽን አለው። ኮንፊገሬሽኑ በተነበበ ቁጥር አዲስ ቅጂ የሚፈጥር ሞጁል ግን የፊተኛውን ማንም በማይደርስበት ቦታ ይተወዋል። አፓቼ ገና ሲነሣ እንኳ ኮንፊገሬሽኑን ሁለት ጊዜ እንደሚያነብ ልብ ይሏል።

በልጅ ፕሮሰስ ውስጥ የሚፈስ ሜሞሪ፣ ልጁ የተወሰነ ቁጥር ያላቸውን ግንኙነቶች ካስተናገደ በኋላ እንዲዘጋ በማዘዝ ይገደባል። በወላጁ ውስጥ የተከማቸውን ግን ከዚያ በኋላ የሚወለደው ልጅ ሁሉ ይወርሰዋል። ሎግ (የሰርቨሩ የሥራ መዝገብ ፋይል) በተቀየረ ቁጥር፣ የድረ ገጽ ደህንነት ሰርተፍኬት በነጻ የሚሰጠው የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬትም በታደሰ ቁጥር ኮንፊገሬሽኑ እንደገና ስለሚነበብ፣ ብዙ ድረ ገጾችን በያዘ ማሽን ላይ ክምችቱ ፈጣን ነው።

ሌላው የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌር ኢንጂንኤክስ በዚህ ረገድ የተሻለ ግልጽነት አለው ብዬ አምናለሁ፤ አዲሱን ኮንፊገሬሽን በአዲስ ፑል ገንብቶ ሲሳካለት ብቻ አሮጌውን ይለቃል፣ የሚሻገረውም የጋራ ሜሞሪ በኮንፊገሬሽኑ ውስጥ በስምና በመጠን የተጻፈ ነው። ሆኖም ዌብሶኬት (ለረጅም ጊዜ ክፍት የሚቆይ ግንኙነት) ያላቸው አሮጌ ዎርከሮች (ጥያቄ የሚያስተናግዱ ልጅ ፕሮሰሶች) ግንኙነታቸው እስኪያልቅ ስለሚቆዩ፣ የጊዜ ገደብ ካልተደረገላቸው አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ሜሞሪ ይይዛሉ።

ስለዚህ ማንኛውም ሞጁል ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት ሰርቨሩ 100 ጊዜ በግሬስፉል ሪስታርት ተደርጎ የወላጁ ፕሮሰስ መጠን ይለካ፤ ከ10ኛው እስከ 100ኛው ሳያቋርጥ እያደገ ከሄደ ሞጁሉ ወደ ጸሐፊው ይመለስ።